ስልሳ አንደኛው ውድቀት

ጋሬት ኦበርሊን መዝለል አይችልም። ሲሮጥ እህል የጫነ መኪና ዳገት ላይ የሚያቃስት ይመስላል። ኳስ ሲወረውር ቀለበቱን ትቶ ሰሌዳውን የተሸከመውን ብረት ይመታል። ሆኖም ለሃርሞን ክሪክ ኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ቡድን አራት ዓመት ሙሉ ተሰልፏል። ሙያው መውደቅ ነው።

አትሳቁ። ሕጉ ራሱ ጥሩ ነው። ተከላካይ ቀድሞ ቦታውን ይዞ ከቆመና ኳስ እየነዳ የመጣ አጥቂ ደረቱን ገጭቶ ከጣለው፣ ጥፋቱ የአጥቂው ነው፤ ኳሱም ለወደቀው ቡድን ይሰጣል። ሳይሸሽ ለቆመ ሰው የወጣ ሕግ ነው። አሰልጣኝ ዴል ቫንሚተር ግን ገልብጦ አነበበው፦ ከወደቅህ ተገጭተሃል! ማክሰኞ ማክሰኞ ፍራሽ አንጥፎ ልጆቹን በተራ ይጥላል።

"መቀመጫህ ይቅደም፣ ከዚያ ጀርባህ! ጩኽ እንጂ! ዝም ብሎ የወደቀን ማን ያየዋል?"

"ኮች፣ ባይነካኝስ?" ብሎ ነበር ጋሬት በመጀመሪያው ዓመት።

"ልጄ፣ ትንፋሹ ከደረሰህ ነክቶሃል።"

አዳራሹ በር ላይ "ቅንነት" የሚል ቃል በትልቁ ተጽፏል። ከሥሩ ማን ስንት ጊዜ እንደወደቀ የሚያሳይ ሰንጠረዥ ተለጥፏል። ከጨዋታ በኋላ ብዙ የወደቀው ልጅ የግንበኛ ቢጫ ቆብ ይደፋለታል፤ ሕዝቡም ቆሞ ያጨበጭባል። የከተማችን እውነተኛ ግንበኞች ግን ሲወድቁ አጨብጫቢ የላቸውም፤ ሆስፒታል ነው የሚወሰዱት።

ዘንድሮ ዳኛ ያፏጨለት የጋሬት ውድቀት ስልሳ ደረሰ። ይህ ዛሬ ትራክተር የሚሸጥ አንድ የድሮ ተጫዋች የያዘው ክብረ ወሰን ነው። አንድ ከጨመረ ስሙ አዳራሹ ግድግዳ ላይ በቀለም ይጻፋል። የቀረው አንድ ጨዋታ ብቻ ነበር። አባቱ ዘመድ አዝማዱን ጠርቶ፣ ሁሉንም "61" የሚል ካናቴራ አልብሶ ሦስት ረድፍ ሞላ።

የቅዳሜው ጨዋታ እኩል ለእኩል ሆኖ አራት ሰከንድ ቀረው። ኳሱ የተጋጣሚው ኮከብ የጃቮን ቲልማን እጅ ላይ ነበር። ጃቮን ሲቀልድበት ነው የዋለው፦ "ወንድሜ፣ ዛሬስ የት ልትተኛ ነው? ትራስ ላምጣልህ?"

"ና ብቻ!" አለው ጋሬት፣ እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ።

ጃቮን መጣ። በሙሉ ፍጥነት መጣና አንድ እርምጃ ሲቀረው ቀጥ ብሎ ቆመ። ጋሬት "ዋይ!" ብሎ ጮኸ፤ ወደ ኋላ ተፈነገለና በጀርባው ተንሸራቶ ፎቶ አንሺዎቹ እግር ሥር ደረሰ። በሁለቱ መካከል አንዲት ላም ማለፍ ትችል ነበር። አራቱ ጓደኞቹ እንደ ልማዳቸው ሊያነሱት ሮጡ። ዘመዶቹ ፈንዲሻቸውን በትነው ዘለሉ።

ፊሽካ ተነፋ። ዳኛው ሎዌል ፕሩት እጁን ወደ ጋሬት ዘረጋ። አስመስሎ መውደቅ! ቅጣቱ አንድ ነፃ ውርወራ። ጃቮን አስገባ፤ ኳሱም የእነሱ ሆኖ ሰዓቱ አለቀ። በአንድ ነጥብ ተሸነፍን።

ሕዝቡን ያኔ ማየት ነበር! ስልሳ ጊዜ ያሞገሰው አፍ "አስመሳይ! አሳፋሪ!" ይል ጀመር። አሰልጣኙም ለሬዲዮ ጋዜጠኛው ፊቱን አኮሳትሮ፦ "እኛ እንዲህ ያለ ነገር አናስተምርም። ልጁ በራሱ ያመጣው ነው" አለ። ምላሱ አልተደናቀፈም። ያ ምላስ እንኳ መውደቅ ነበረበት!

ውጤት መዝጋቢው እኔ ነኝና ወረቀቱን ላስፈርም የዳኛው ክፍል እንደገባሁ ጋሬት ማልያውን እንደለበሰ ተከትሎኝ ገባ። ሊጣላ መስሎኝ ነበር።

"ሚስተር ፕሩት፣ ልክ ነዎት። አልነካኝም።"

"አውቃለሁ።" ሎዌል ጫማውን እየፈታ ነበር።

"የድሮዎቹስ? አብዛኛውን ያፏጩልኝ እርስዎ ነዎት። ስንቱ እውነት ነበር?"

ዳኛው አሰበ። "ሦስት። አራት ነው ካልክም አልከራከርህም።"

"ታዲያ ለምን ሰጡኝ?"

"አዳራሹ ይጮህ ነበራ! እኔ ደግሞ ከዚህ እስከ መኪናዬ በእግሬ ነው የምሄደው።"

"ዛሬም እኮ ይጮህ ነበር።"

"ዛሬ የዳኞች ኃላፊ አምስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጦ ነበር" አለና ወረቀቴን ፈረመ።

ኮሪደሩ ላይ አባቱ ካናቴራውን በጃኬት ሸፍኖ ቆሟል። ልጁን አቀፈው። "አይዞህ የኔ ልጅ፣ ስልሳውን ማንም አይወስድብህም። ከትራክተር ሻጩ እኩል ነህ።"

"አራት ነው፣ አባዬ" አለ ጋሬት። "እሱም ከለመንን።"