ለበረባሶም ያልሆነ ጎማ

ከወረታ እስከ ይፋግ አንለይን የማያውቀው ሾፌር አልነበረም። በደርጉ ዘመን፣ የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን ባለበሰው ቁጥር፣ ጭቃ የዋጠውን መኪና በበሬ ጎትቶ የሚያወጣ እሱ ነው። ዋጋውም "ቤትህ ይሙላ" የሚል ምርቃት ነበር። አንድ ሕግ ብቻ ነበረችው፤ በሬ ሲጎትት ሞተር ይጠፋል። "አንድ ቀንበር ሁለት ጌታ አያዘውም" ይላል።

የራሱ በሬ አንድ ግንባረ ነጭ ቦራ ብቻ ነው። ግራጫው ዳልቻ የጎረቤቱ የይርገዱ ነው፤ ባሏ የሞተባት፣ አፏ የተሳለ ሴት። መቀናጆ ገብተው፣ በሬና በሬ አጣምረው በየተራ ያርሳሉ። እንግዲህ አንዱ በሬ ተጎዳ ማለት የሁለት ቤት ጓያ ሳይዘራ ቀረ ማለት ነው።

መስከረም እንደጠባ፣ ለአብዮቱ በዓል ወንበርና ሰሌዳ የጫነ መኪና ከመንገዱ ወጥቶ ሰመጠ። ጋቢናው ውስጥ ጓድ አድማሴ የሚባሉ ሹም ተቀምጠዋል። አንለይ ሲጠራ ይርገዱም ዳልቻዋን እየነዳች ተከትላ መጣች።

አንለይ ጎማውን ዳሰሰው። ልሙጥ ነው። ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ በረባሶውን አውልቆ ከጎኑ ለካው።

"አየህ ደሴ፣ ጫማዬ ከመኪናህ ይሻላል እኮ! ጥርስ የሌለው መሬት በምን ይነክሳል?"

"አያ አንለይ፣ ይቀየር ብዬ ስንቴ ለመንኩ! ማን ሰምቶኝ?" አለ ሾፌሩ ደሴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"በል ሞተሩን አጥፋ። ዕቃውም ሰውም ይውረድ።"

"ካጠፋሁት አይነሳም፣ ባትሪው ሞቷል።"

"ባትሪው ሞቷል፣ ጎማው አልቋል። በሕይወት ያለው የእኔ በሬ ብቻ ነው በለኛ!"

ጓድ አድማሴ በመስኮት ብቅ አሉ። "ምን ያጨቃጭቃችኋል? ጎትት!"

"ጌታዬ፣ እስቲ ይውረዱልንና ይቅለል።"

"በዚህ በተወለወለ ጫማ? ትእዛዝ ነው እኮ የምልህ!"

በዚያ ዘመን ትእዛዝ እምቢ ማለት ምን እንደሚያመጣ አንለይ አልጠፋውም። እያጉረመረመ በሬዎቹን ጠምዶ ቀንበሩን በሽቦ ገመድ ከመኪናው ጋር አሰረ። በሬዎቹ አንገታቸውን ደፍተው መሳብ ሲጀምሩ ጓድ አድማሴ ደሴን "ነዳጅ ስጠው!" ብለው ጮኹ። መኪናው ዘለለ፤ የሽቦው ገመድ ላላ። ልሙጡ ጎማ ተንሸራቶ ወደ ኋላ ሲመለስ ገመዱ ቀንበሩን መነጨቀው። ቦራ በኋላ እግሩ ላይ ተቀምጦ ወደቀ፤ አልተነሳም።

"ሌላ በሬ አምጡ!" አሉ ጓድ አድማሴ፣ ከወንበራቸው ሳይነቃነቁ።

አንለይ ቀንበሩን ከቦራ አንገት ፈታ። ባዶውን ወገን አንስቶ ወደ መስኮቱ ዘረጋው። "ምን ሌላ አለኝ? ዳልቻ ይኸው ቆሟል። የሰበሩት እርስዎ ነዎትና መቀናጆው እርስዎ ይሁኑ!"



"እኔስ አልፈቅድም!" አለች ይርገዱ። "ማርያምን፣ ዳልቻዬን ከእሱ ጋር አላጣምድም፤ ያሰንፍብኛል!"

የተሰበሰበው ሰው በሳቅ ፈነዳ። ጓድ አድማሴ ፊታቸው ቀልቶ ወረዱ፤ ያ የተወለወለ ጫማ ጭቃው ውስጥ ሰጠመ። ወንበሩ ወረደ፣ ገለባ ከጎማው ሥር ተነጠፈ፣ ሰው ትከሻውን ሰጠ። መኪናው ወጣ፤ ያለ በሬ። እንዲህ ቀላል ነበር! በከንቱ ሲሽከረከር የተሰነጠቀውን ጎማ ደሴ በሌላ ልሙጥ ትርፍ ጎማ ቀይሮ እመንገድ ዳር ጣለው። ለበሬው "ይቅርታ" ያለ የለም።

ይልቁንም አንለይን "ፀረ አብዮት" ብለው አሰሩት። ጓያውን የሀገሬው ሰው በደቦ ዘራላቸው፣ የእሱንም የይርገዱንም። ሲፈታ ቦራ በሦስት እግሩ ደጁ ላይ ጠበቀው። ቀንበር ግን ዳግም አልተሸከመም።

አንለይ ያንን ጎማ ተሸክሞ ወረታ ገበያ፣ በረባሶ ቆራጩ ማረው ዘንድ ወሰደው። ማረው ገልበጥ ገልበጥ አደረገውና በአውራ ጣቱ ቢጫነው ጣቱ በወዲያ በኩል ወጣ።

"አያ አንለይ፣ ይኸማ ለበረባሶም አይሆን።"

"አውቃለሁ" አለ አንለይ። "አንተም እንድታውቅልኝ ነው ያመጣሁት። በሬዬን የሰበረው ይኸ ነው።"