ጠለንጅ ልቆርጥ የሄድኩ ቀን

ባለፈው እሁድ ከልደታ ቤተ ክርስቲያን ስመለስ የነጠላዬ ጥለት ላይ የጠለንጅ ፍሬ ተጣብቆ አገኘሁ። ልጆች ሳለን ከአጥር ስር በወጣን ቁጥር ከቀሚሳችን ላይ ስንለቅመው የምንውለው ያ አስቸጋሪ ፍሬ ነው። በእኛ ሰፈር ጠለንጅ የደም መድኃኒት ነበር። ቢላዋ የቆረጠው፣ ነስር ያስቸገረው ሁሉ ወደ ጎረቤታችን እማማ የሺ ይሄዳል፤ እሳቸውም ቅጠሉን አሽተው ያደርጉለታል።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ሰኞ ማክሰኞ እየተጫወትኩ የእናቴን ጩኸት ሰማሁ። አባቴ እንጨት ሲፈልጥ መጥረቢያው አምልጦት እግሩን ቆርጦታል። የታሰረበትን ጨርቅ አልፎ ደሙ ሲሚንቶው ላይ ይወርዳል። ወንዶቹ ሥራ ናቸው፣ ስልክ ያለው ቤት የለም። እማማ የሺ ትከሻዬን ያዙና፣ «ሮጠሽ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ስር ጠለንጅ ቁረጪ። እስክትመለሺ ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ! ከተናገርሽ መድኃኒቱ ይረክሳል፣ ደሙም አይቆምም» አሉኝ።

እፍኝ ሙሉ ይዤ ስመለስ የሰፈራችን ሰው ጋሽ ታደሰ ታክሲያቸውን አጠገቤ አቆሙ። ባዶ ነበር። ሆስፒታሉ ደግሞ በመኪና ቅርብ ነው።

«ምነው የኔ ልጅ፣ ምን ሆነሽ ነው የምትሮጪው? ቤት ደህና?»

ከንፈሬን ነክሼ ዝም አልኩ። «ዛሬ ደግሞ ኩርፊያ ነው?» ብለው ሳቁና ወደ ሜክሲኮ ነዱ። አልዋሽም፣ ባለመናገሬ ኮርቼ ነበር።

እማማ የሺ ቅጠሉን አሽተው አሰሩለት። እርጥብ ሣር ሣር የሚለው ሽታ ዛሬም አፍንጫዬ ውስጥ አለ። ለትንሽ ቁስል የሚቆመው ደም ለአባቴ አልቆመም። መኪና ተፈልጎ ሳይመጣ «በረደኝ» አለ፤ ከዚያ ወዲያ ድምፁን አልሰማሁም።

ድንኳኑ ውስጥ እማማ የሺ አቅፈውኝ፣ «እውነቱን ንገሪኝ፣ መንገድ ላይ ተናግረሽ ነበር?» ብለው በጆሮዬ ጠየቁኝ።

«አልተናገርኩም» አልኩ። አጠገባችን የተቀመጡት ጋሽ ታደሰ ይህን ሰምተው አቀረቀሩ።

ዛሬ ያ ሰፈር ፈርሷል። ልጁ ሁሉ ስልክ ይዞ ይዞራል። ትልልቆቹ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» እያሉ ነው ያሳደጉን፤ እኔ ግን ይህን ተረት ለልጄ ነግሬያት አላውቅም። «ደም ካየሽ ጩኺ፣ ያገኘሽውን ሰው ሁሉ ጥሪ» እላታለሁ። «እማ፣ ስንቴ ትነግሪኛለሽ?» ብላ ትስቅብኛለች። እሷም ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ያን ቀን አንዲት ቃል ተናግሬ ቢሆን ኖሮ አያቷን ታውቀው ነበር።