ጎተራው ሰፍቶ ቡሃቃው ሲጠብ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት አለቃዬ ኡስታዝ ባቢከር የሰጠኝ ብሩሽ ነበር። ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር ላፕቶፕ የሚሸጥበትና የሚጠገንበት ሱቅ ነበረው። ያ ሱቅ ዛሬ የለም፤ ጦርነቱ በሩን እንኳ አላስቀረለትም። ያኔ ግን ሰው ይጋፋበት ነበር።

«ያ ቢት፣ አንቺ ልጅ፣ አቧራ ትጠርጊያለሽ። ካቻቢቴ የወንዶች ነው» አለኝ።

«ታዲያ አቧራውን እንድጠርግ ክዳኑን ማን ሊከፍትልኝ ነው?» አልኩት።

ካቻቢቴውን ራሴ ከመሳቢያ አወጣሁ።

የካርቱም አቧራ ለማንም አያዳላም። ሀቡብ የሚሉት የአቧራ ማዕበል በነፈሰ ማግስት ማራገቢያው በአፈር የተደፈነ ላፕቶፕ እየታቀፈ የሚመጣው ሰው ብዙ ነበር። ከጠራጊነት ወደ ከፋችነት፣ ከከፋችነት ወደ ጠጋኝነት ለማለፍ አራት ዓመት ፈጀብኝ። ከዚያ በኋላ ሽያጩም ጥገናውም በእኔ እጅ ሆነ። ኡስታዝ ባቢከር ለደንበኛ «የሱቄ መሐንዲስ» እያለ ያስተዋውቀኝ ጀመር። «ሻይ አፍዪ» ማለቱን ግን አልተወም። እኔም አንድ ቀን አፍልቼለት አላውቅም።

የምኖረው ሐበሻ በሚበዛበት በዴም ሰፈር ነበር። በዴም በእኛ ሰው ዘንድ ላፕቶፕ ማለት የቤት ቪዲዮ ማጫወቻ ነው። የሰርግ ቪዲዮ፣ መዝሙር፣ ከአገር ቤት የመጣ ድራማ ሁሉ እዚያ ይታጨቃል። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ላፕቶፑን በፌስታል ይዞ «ሰብልዬ፣ ድራማ ሙዪልኝ» እያለ ደጄን የማይመታ ጎረቤት አልነበረም። ስለዚህ ሊገዛ የሚመጣ ሁሉ ጥያቄው አንድ ነበር፤ «ስንት ይይዛል?» ስንት ሥራ ይችላል ብሎ የጠየቀኝ የለም። እኔም «አንድ ቴራ ይይዛል» እያልኩ ሸጥኩ። ልማዱን ያባባስኩት እኔው ነኝ፤ ጥፋቱን ለሌላ አልሰጥም።

አንድ ቀን እትዬ አበባ ወደ ሱቁ መጡ። የዴም ጎረቤቴ ናቸው፤ አል-ማንሺያ ሰፈር በአንድ ትልቅ ቤት ልብስ ያጥባሉ፣ ይተኩሳሉ። ልጃቸው ሜሮን ዩኒቨርሲቲ ሥነ ሕንፃ ትማራለች፣ የመጨረሻ ዓመቷ ነው። ሳትሰማ ገዝተው ሊያስደንቋት አስበው ነው የመጡት። ዓይናቸው ያረፈው በቀጭኑና በሚያብለጨልጨው ላይ ነበር።

«ስንት ይይዛል፣ ልጄ?»

«አንድ ቴራ፣ እትዬ።»

«ታዲያ ይበቃታላ!»

«ይበቃታል» አልኩ።

ለምን ሥራ እንደሆነ አልጠየቅኩም። ማከማቻው አንድ ቴራ ነበር፤ ሜሞሪው ግን አራት ጊጋ ብቻ። ይህን እያወቅኩ ጠቅልዬ ሰጠኋቸው።

በሦስተኛው ሳምንት ሜሮን ላፕቶፑን ታቅፋ መጣች። ዓይኗ ቀልቷል።

«እትዬ ሰብለ፣ የሕንፃውን ንድፍ ስከፍተው ይደርቃል። ትናንት ሦስት ጊዜ ጠፋብኝ። ለፈታኞች የማቀርበው ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ ነው። ካልደረሰልኝ ዓመቱን እደግማለሁ።»

«የዩኒቨርሲቲው ኮምፒውተርስ?»

«ለስድሳ ተማሪ ስምንት ነው ያለው። ከስምንቱ ግማሹ ማፊ፣ አይሠራም።»

ንድፉን እዚያው አስከፈትኳት። የዲስኩ መብራት ያለ ዕረፍት ይብለጨለጫል። ሜሞሪው ሞልቶ ትርፉን ወደ ዲስክ እያፈሰሰ ነበር፤ ዲስክ ደግሞ ለዚያ ሥራ ቀርፋፋ ነው። ዲስኩን አውጥቼ ኤስኤስዲ የሚባለውን ፈጣን ማከማቻ ተካሁበት። ማሽኑ ሲነሳ ፈጠነ፣ ንድፉ ሲከፈት ግን ያው ደረቀ። ሜሞሪ ልጨምርበት ሙሉውን ክዳን አነሳሁ። የሚሰካበት ቦታ የለውም፤ ሜሞሪው ማዘርቦርዱ ላይ ተበይዷል። እንዲህ ዓይነቱ ሲገዛ የነበረውን ይዞ ይሞታል። አፈርኩ። ያን ክዳን ከሽያጩ በፊት መክፈት ነበረብኝ።

እትዬ አበባ ከሥራ ሲወጡ ተከትለዋት ደረሱ። ነገሩን በሚገባቸው ቋንቋ ነገርኳቸው።

«እትዬ፣ ማከማቻው ጎተራ ነው። ሜሞሪው ደግሞ ቡሃቃ ነው። ጎተራው የፈለገውን ያህል ቢሞላ በአንድ ጊዜ የሚቦካው ቡሃቃው የቻለውን ያህል ነው።»

«እንግዲያ ጎተራ ነው የሸጥሽልኝ» አሉ። «ልጄ የምታቦካበት ነው ያጣችው።»

ስድብ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ወደ ኡስታዝ ባቢከር ሄድኩ። እንለውጥላቸው አልኩት። በጣቱ ግድግዳውን አሳየኝ። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም፣ አይለወጥም» የሚል ጽሑፍ በትልቁ ተለጥፏል።

«ጥፋቱ የእኔ ነው። ለምን እንደምትፈልገው አልጠየቅኩም» አልኩት።

«አንቺ ሻጭ ነሽ፣ ሐኪም አይደለሽም። ኻላስ፣ አለቀ!»

ተናደድኩ። የራሴ ላፕቶፕ የሥራ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። ወፍራም ነው፣ ጥግ ጥጉ ተፋፍቋል፣ ግን አሥራ ስድስት ጊጋ ሜሞሪ በእጄ ሰክቼበታለሁ። ፋይሎቼን ገለበጥኩና ለሜሮን ሰጠኋት። ቀጭኑን ወሰድኩ። ንድፏን ከፈተችው። ሦስቱም ፎቅ ከነደረጃው ወጣ። ማያ ገጹን በእጇ ዳበሰችው።

«ይኼ እኮ ያንቺ ነው» አለችኝ።

«የእኔ ነበር። ያላ፣ ወደ ሥራሽ!»

በማግስቱ ቀጭኑን ላፕቶፕ ገልብጬ፣ ክዳኑን አውልቄ፣ ደንበኛ በሚቆምበት የመስታወት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። አጠገቡ በዐረብኛና በአማርኛ ጻፍኩ፤ «ይህ ሜሞሪ ተበይዷል። አይጨመርም። የምትገዙትን አስከፍታችሁ እዩ።»

ኡስታዝ ባቢከር ሲገባ አየው።

«ይኼ ምንድን ነው? ዕቃ ነው ሬሳ?»

«የእኔ ንብረት ነው። ለውጬ የወሰድኩት።»

«አንሺው! አዲስ ዕቃ ማኅተሙ ከተነሳ አዲስ አይባልም። ሁሉም ክፈቱልኝ ካለ ምን ልንሸጥ ነው?»

«ተከፍቶ የማያሳፍረውን እንሸጣለና።»

«አንሺው አልኩሽ!»

«እሱን ካነሳሁ እኔም አብሬው እነሳለሁ» አልኩት። ቦርሳዬን ከወንበሩ ላይ አንስቼ ትከሻዬ ላይ አደረግኩ።

ጀለቢያ የለበሱ አንድ ሽማግሌ ከመስታወቱ ፊት ቆመው ጽሑፉን ያነቡ ነበር። አንብበው ሲጨርሱ አንድ የታሸገ ካርቶን በከዘራቸው አመለከቱ። «ይኼንንም ክፈቱልኝ» አሉ። ኡስታዝ ባቢከር እኔን አየ፣ ሽማግሌውን አየ።

«ክፈቺላቸው» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ከፈትኩ። ባዶ የሜሞሪ መሰኪያ ነበረው። ሽማግሌው ገዙ። ከዚያ ቀን ወዲያ በዚያ ሱቅ ሳይከፈት የተሸጠ ላፕቶፕ የለም።

ሜሮን በአሥራ ሁለተኛው ቀን ንድፏን አቀረበች፤ አለፈች። ይህን የነገሩኝ እናቷ ናቸው። አብራቸው የምትሠራ አንዲት ሴት ለልጇ ላፕቶፕ ልትገዛ ፈልጋ ይዘዋት መጥተው ነበር። እኔ ሌላ ደንበኛ ይዣለሁ፤ ኡስታዝ ባቢከር ራሱ ተነስቶ ተቀበላቸው። አንዱን የሚያምር አንስቶ «አንድ ቴራ ነው» ብሎ ሲጀምር እትዬ አበባ እጃቸውን ዘረጉ።

«እሱን በኋላ ትነግረናለህ። ኢፍተሕ! መጀመሪያ ክፈተው» አሉት።

ከፈተው።

ለዚህ ሥራ አዲስ ለሆናችሁም፣ ነገ ገዢ ለምትሆኑም ያለኝ ይኸው ነው። ለጽሑፍና ለቪዲዮ ስምንት ጊጋ ሜሞሪ ይበቃል። ንድፍ ለሚሠራ ከአሥራ ስድስት አትውረዱ። ማከማቻ ቢጎድል በውጭ ዲስክ ይሟላል፤ የተበየደ ሜሞሪ አይሟላም። ሻጩ አልከፍትም ካለ አትግዙ።