የማን ተማሪ ነሽ?

ተወልጄ ያደግሁት ሞጣ ነው፤ በአዋላጅ ነርስነት ግን ሞጣም ቢቸናም ሠርቻለሁ። ይህ የምተርከው ከሁለቱ ከተሞች በአንዱ የሆነ ነው። በየትኛው እንደሆነ አልናገርም፤ አብረውኝ የነበሩት ዛሬም እዚያው አሉ፣ ጥፋቱም የእኔ እንጂ የሆስፒታሉ አልነበረም።

በዚያ ዘመን ከማን እንደተማርሁ የሚጠይቀኝ ሰው አይጠፋም። ካልጠየቀኝም እነግረዋለሁ። የሠራሁት ከደህና ደህና ሐኪሞች ጋር ነዋ። የመጀመሪያው ሞስኮ የተማረ ነበር። ቀዶ ጥገና ሲያበቃ ጨርቆቹን በሩሲያኛ ይቆጥራል፤ አንዲት ከጎደለችው ደግሞ ስድቡን በአማርኛ ያወርደዋል። ሁለተኛው በልጅነቱ ኩባ ተወስዶ እዚያው ተምሮ ያደገ ነው። ምጥ የያዛትን ሴት ግንባሯን ይዞ እንደ እህቱ ያዋራታል፤ ሴቶቹ የሚለው ግማሹ ባይገባቸውም ይወዱት ነበር። ሦስተኛዋ ጎንደር የተማረች ወጣት ዶክተር ነበረች፤ የማህፀን ሐኪም ልሁን ብላ አዲስ አበባ ገባች፣ በዚያው ቀረች። ሁሉም መጡ፣ ሁሉም ሄዱ። እኔ ግን አለሁ። ሲሄዱ እውቀታቸውን ለእኔ አውርሰው የሄዱ ይመስለኝ ነበር።

ዶክተሯ ከሄደች በኋላ ቀዶ ጥገና የሚሠራ ሰው አጥተን ከረምን። አምቡላንስ ለየወረዳው መታደል የጀመረበት ጊዜ ስለነበር፣ ምጥ የጠናባትን ሁሉ ሪፈር ጽፈን ወደ ደብረ ማርቆስ እንሰድ ነበር። እሱ የመጣው በዚህ መካከል ነው። ቀጭን፣ የመጨረሻ ወንድሜን የሚያክል ልጅ። ዶክተር አይደለም። ጤና መኮንን ሆኖ ገጠር ሲሠራ ቆይቶ፣ ዩኒቨርሲቲ ተመልሶ ድንገተኛ ቀዶ ሕክምና የተማረ ነው፤ ሙያው ያኔ ለእኛ አዲስ ነበር። የከተማው ሰው በሳምንቱ «ዶክተር» ይለው ጀመር። እኔ በስሙ ብቻ ነበር የምጠራው። የቀዶ ጥገና ቆቡን ደፍቶ ባየሁት ቁጥር «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» እላለሁ፣ ቀስ ብዬ፣ ግን እንዲሰማኝ አድርጌ። እሱ እንዳልሰማ ያልፈኛል። ይኸው ማለፉ ደግሞ የበለጠ ያናድደኛል።

ሐምሌ ላይ ነው፣ አንድ ጠዋት የመጀመሪያ ልጇን የምታምጥ ሴት በቃሬዛ አመጡልኝ። ባሏ ዝምተኛ ገበሬ ነው። ከኋላ ጥምጣማቸው በዝናብ የራሰ ሽማግሌ ተከትለው ገቡ። አያቷ ናቸው፤ ወላጆቿ በልጅነቷ ስለሞቱ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። በአካባቢው የታወቁ የቅኔ መምህር ስለሆኑ ትልቁም ትንሹም «የኔታ» ነው የሚላቸው።

ምጥ የምንከታተልበት ወረቀት አለ። በየጊዜው ነጥብ ይደረግበታል፤ ነጥቡ የተሰመረውን መስመር ካለፈ ሐኪም ይጠራል። ይህ ክርክር የለውም። ስድስት ሰዓት ላይ አለፈ። የቀዶ ጥገናው ክፍል እዚያው ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ነው፣ ያ ቀጭን ልጅም አለ። እኔ ግን ሪፈር ጻፍሁና፣ ደብረ ማርቆስ ሌላ ሴት አድርሶ የሚመለሰውን አምቡላንስ መጠበቅ ያዝሁ።

ልጁ ራሱ በሩ ላይ መጣ። ይያት እንደሆነ ጠየቀኝ። ሪፈር ተጽፎላታል አልሁት። እዚሁ ሊሠራላት እንደሚችል ነገረኝ። መኪናው እየመጣ ነው አልሁና በሩን መለስሁበት። ከመጣ ገና ሦስተኛ ሳምንቱ ስለነበር እኔን አልፎ መግባት አልደፈረም። እውነቱን ልናገር፣ ባለመድፈሩ ደስ ብሎኝ ነበር።

ስምንት ሰዓት ላይ ሾፌሩ ደወለ። መኪናው ጭቃ ውስጥ ሰምጦ ቆሟል፤ ዛሬ የሚደርስ አይመስለውም። ማዳመጫውን ሆዷ ላይ ባደርገው የፅንሱ ልብ ዘግየት፣ ዘግየት እያለ ነው የሚመታው። ሮጬ ጠራሁት።

ገብቶ ወረቀቱን አነሣ። ነጥቦቹን በጣቱ እየተከተለ መስመሩን ያለፉበት ቦታ ሲደርስ ጣቱ ቆመ። ማደንዘዣ የሚሰጠው ባልደረባችን እንዲጠራ አዘዘ፣ ከዚያ ጎንበስ ብሎ ለሴትዮዋ ነገሩን አስረድቶ ፈቃዷን ጠየቃት። ከድካሟ የተነሣ ዓይኗን እንኳ ሳትገልጥ «አባባ እሺ ካሉ» አለች።

የኔታ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ልጁ ፊታቸው በርከክ ብሎ ምን ሊያደርግ እንደሆነ ነገራቸው። ወይ ዲግሪውን ይጠይቁታል፣ ወይ ዘሩን ያስቆጥሩታል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን እንግዳ ተማሪ ደጃቸው ሲመጣ የሚጠይቁትን ነው የጠየቁት።

«የማን ተማሪ ነህ?»

የዩኒቨርሲቲውን ስም ጠራላቸው።

«ቤቱን አልጠየቅሁህም። ማን አረመህ?»

በእኛ አገር የቅኔ ተማሪ የቆጠረውን ቅኔ መምህሩ ፊት ይናገራል፤ መምህሩም ያርመዋል። ያልታረመ ሰው የቱንም ያህል ቢራቀቅ ተማሪ አይባልም። እኔ ጊዜ የለንም ብዬ ልጮህ ቃጣኝ። ማደንዘዣው ግን ገና እየተዘጋጀ ነበር፣ ልጁም አልተጣደፈም።

«አንድ ሽማግሌ ሐኪም ናቸው ያረሙኝ» አለ። «ሰባተኛዋ ሴት ላይ ምላጩን ዝቅ አድርጌ የሽንት ፊኛዋን ቀደድሁት። ምላጩን ከእጄ ወሰዱና ራሳቸው ሰፉላት። ሁለት ሳምንት በቱቦ ነበር የምትሸናው፤ ጠዋት ጠዋት የማጥብላት እኔ ነበርሁ። ወር ሙሉ ክር ከመቁረጥ በቀር ምንም አላስነኩኝም። ከዚያ ምላጩን መለሱልኝ።»

«ዳነች?»

«ድናለች፣ የኔታ።»

ትንሽ አዩት። «ግባ እንግዲህ» አሉት፤ «እግዜር ከእጅህ ጋራ ይሁን።»

እኔ ሕፃኑን ልቀበል ጨርቅ ይዤ ከጎኑ ቆምሁ። ከሞስኮው ዶክተር ጋር ስንት ጊዜ እንደቆምሁ ቁጥሩን አላውቀውም፤ እጁን ልብ ብዬ ያየሁት ሰው ግን ይህ ልጅ ነው። ፊኛዋ ዘንድ ሲደርስ ቀስ አለ። በጣቱ ዳሰሰ፣ ወደ ታች ገፋ አደረገው፣ እንደገና ዳሰሰ፣ ከዚያ ቆረጠ። የወጣችው ሴት ልጅ ናት፤ ጠቁራ፣ ዝልፍልፍ ብላ። አላለቀሰችም። ጠረግኋት፣ ጀርባዋን አሸሁ፣ አየር መስጫውን ፊቷ ላይ አድርጌ መጭመቅ ጀመርሁ። በሕይወቴ እንዲያ ፈርቼ አላውቅም። የፈራሁት መሞቷን ብቻ አይደለም፤ ከሞተች የገደልኋት እኔ ነኝ። ከብዙ በኋላ ትን አላት። ቀጥሎ ድምፅዋ ወጣ፤ እኔም እንባዬ መጣ።

ልጁ ስፌቱን ጨርሶ ሲወጣ ወረቀቱን ይዞልኝ መጣ። ከታች ሐኪም የተጠራበት ሰዓት የሚሞላባት ቦታ አለች። ሌላውን ሁሉ ሞልቶ እሷን ባዶ ትቷታል።

«ሲስተር፣ ይቺን እርስዎ ይሙሏት» አለና ሴትዮዋን ሊያይ ተመለሰ።

እስክሪብቶውን ይዤ ቆምሁ። ስድስት ሰዓት ብዬ ብጽፍ የምናውቀው እሱና እኔ ብቻ ነን፤ እሱም አፉን እንደማይከፍት ገብቶኛል። ከእኔ ይልቅ ታናሽ ሆኖ እንዲህ ማድረጉ አሳፈረኝ። ስምንት ሰዓት ብዬ ጻፍሁ። አጠገቡም ያዘገየሁት እኔ ነኝ ብዬ ጨመርሁበት።

ከዚያ የኔታ ዘንድ ሄድሁ። የልጅ ልጃቸውም ሕፃኗም ደህና መሆናቸውን ሰምተው ምስጋና ላይ ነበሩ። እስኪጨርሱ ጠበቅሁ። ልጁ ስድስት ሰዓት ላይ ልያት ብሎ እንደለመነኝ፣ በሩን የመለስሁበት እኔ እንደሆንሁ፣ ምንም ሳልሸሽግ ነገርኋቸው። ይቆጡኛል ብዬ አንገቴን ደፍቼ ቆምሁ።

እርጥብ ጥምጣማቸውን ፈትተው ጉልበታቸው ላይ አደረጉት።

«አንቺስ የማን ተማሪ ነሽ?» አሉኝ።

ሞስኮም ኩባም ምላሴ ጫፍ ላይ ነበሩ። ዞር ብዬ ኮሪደሩ ጫፍ ቧንቧው ሥር ጎንበስ ብሎ እጁን የሚታጠበውን ልጅ አሳየኋቸው።

«የሱ» አልኋቸው።