እኔ ዮጋ ልማር በሄድኩበት ሰሞን

ባሌን ስትሮክ ከመታው በኋላ ዮጋዬን ተውኩት ማለት ይቻላል። ከዚያ በፊት ለዓመታት ጎህ ሲቀድ ሳሎን ውስጥ ምንጣፌን ዘርግቼ፣ ከስልኬ ቪዲዮ እያየሁ እሠራ ነበር። ሐኪም ለወገቤ እንቅስቃሴ ሲያዝልኝ የጀመርኩት ነገር ቀስ በቀስ ብቸኛው የራሴ ሰዓት ሆነ። ከሕመሙ በኋላ በዚያ ሰዓት ባሌን አገላብጣለሁ፣ ልብሱን እቀይራለሁ፣ አጎርሰዋለሁ። ቀኝ ጎኑ አይታዘዘውም። አማርኛው ጠፍቶበት "ውሃ" ለማለት እንኳ ይታገላል፤ ሲያቅተው እያየኝ ያለቅሳል።

ሱሉልታ የምትኖረው ታላቅ እህቱ ልትጠይቀው መጥታ መልኬን ስታይ ደነገጠች።

"አንቺ ልትወድቂ ነው" አለችኝ።

ከአዲሱ ገበያ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው መንገድ አጠገብ የሁለት ሳምንት አዳሪ የዮጋ ስልጠና እንዳለ እንደ ቀልድ ነገርኳት። በቤተክርስቲያናችን ዮጋን የባዕድ አምልኮ የሚሉ ስላሉ ትቆጣለች ብዬ ነበር።

"ሂጂ" አለች። "ወንድሜን እኔ እይዘዋለሁ።"

የስልጠናው ቤት ባህር ዛፍ መሃል ነው። መግቢያው ላይ ስልካችንን ሰበሰቡ፤ ለችግር ጊዜ የግቢውን ስልክ ቁጥር ለእህቱ ቀድሜ ሰጥቻት ነበር። ብቻዬን ስለማመደው የኖርኩትን ነገር ከሥሩ አውቀዋለሁ ብዬ ነበር የሄድኩት። መጀመሪያ አካባቢ ግን በጀርባችን ተኝተን ትንፋሻችንን ስንከታተል ወይ እንቅልፍ ይወስደኛል፣ ወይ ጆሮዬ በሩ ላይ ይቀራል።

አሰልጣኟ፣ ከእኔ በብዙ የምታንስ ሴት፣ አጠገቤ ተንበረከከች። "ምን እየሰሙ ነው?" አለችኝ።

"ባሌ የጠራኝ ይመስለኛል።"

"እዚህ የሉም እኮ።"

ማንም አልደወለም። ቀናት እያለፉ ሲሄዱ ጆሮዬ ዝም አለ። አንድ ጠዋት ትንፋሼ እስከ ሆዴ ወረደ፣ ወገቤ ተፈታ፣ መንጋጋዬ ተፈታ። ወደ ቤት መመለስ እንደማልፈልግ ያወቅኩት ያኔ ነው። በጀርባዬ እንደተኛሁ እንባዬ በዓይኔ ጥግ ወርዶ ጆሮዬ ውስጥ ገባ። አሰልጣኟ ደስታ መስሏት ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረገችኝ።

ስመለስ ከውስጥ የባሌ ሳቅ ተሰማኝ። በኦሮምኛ እያወራ ነበር። የልጅነት ቋንቋው ነው፤ ከእኔ ጋር ግን ከተዋወቅን ጀምሮ በአማርኛ ብቻ ነው የኖርነው። እኔ ከሰላምታና ከገበያ ቃል ሌላ አልችልም።

"ልጅ ሆነን እንደምናወራው ሳወራው መለሰልኝ" አለች እህቱ።

"ለምን አልደወልሽልኝም?"

"ለትምህርት ሄደሽ ለምን እረብሽሻለሁ?"

ባሌ ሲያየኝ "መጣ... መጣ..." አለና ተያዘበት። ከዚያ ፊቱን ወደ እህቱ አዙሮ ረጅም ነገር ተናገረ።

"ምን አለ?" አልኳት።

"ተመችቷታል ነው የሚለው" አለች እየሳቀች። የተናገረው ግን ከዚያ ይረዝም ነበር።

እሷ ወደ ቤቷ ስትመለስ ቤታችን ጭር አለ። የተማርኩትን አተነፋፈስ ላሳየው እጁን ሆዱ ላይ ባስቀምጥለት መልሶ ነጠቀኝ። ከእህቱ በስልክ የለቀምኳትን ቃል ይዤ በኦሮምኛ ርቦት እንደሆነ ጠየቅኩት። ትንሽ አየኝና ብዙ ነገር መለሰልኝ፤ አንዱም አልገባኝም። እንዳልገባኝ ሲያውቅ በዓይኑ ስልኩን አሳየኝ።

አሁን በየቀኑ ከእህቱ ጋር በስልክ ያወራል። ስልኩን ጆሮው ላይ የምይዝለት እኔ ነኝ። ይስቃል፣ አንዳንዴ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ስለ እኔ ይሁን ስለ ሌላ አላውቅም። ክንዴ ሲዝል በሌላው እጄ እይዝለታለሁ።

ባለፈው አሰልጣኟ ሁለተኛው ዙር ሊጀመር መሆኑን ልትነግረኝ ደወለች።

"አልመጣም" አልኳት።

"ባለቤትዎ ባሰባቸው እንዴ?"

"ኧረ ተሽሎታል" አልኳት።