ጋሽ መኮንን ካሜራውን ያዞሩባት ቅጽበት

ልጅ እያለሁ ዳኛ ማለት አንዴ ፊሽካውን ከነፋ በኋላ ዞር ብሎ የማያይ ሰው ነበር። አሁን የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ለማየት በተቀመጥኩ ቁጥር መጨረሻው ላይ ጨዋታው ይቆማል። ዳኞቹ ሜዳው ዳር ያለች ስክሪን ላይ ይደፉና አንዷን ቅጽበት ወደፊት፣ ወደኋላ፣ እንደገና ወደፊት ያደርጓታል። ተመልካቹ ያዛጋል፣ የተጫዋቾቹ ላብ ይደርቃል። እኔም ይደክመኛል፤ ግን የሚያደክሙኝ እነሱ ብቻ አይደሉም። እንዲህ ያለውን ሪፕሌይ ልጅ ሆኜ ቶሮንቶ፣ ሴንት ጄምስ ታውን ሰፈር፣ አፓርታማችን ሳሎን ውስጥ፣ እሁድ ሙሉ ተቀምጬ አይቼዋለሁ። ያን ቀን ስክሪኑ ላይ የተደፉት የሰፈራችን ሽማግሌዎች ነበሩ።

ታላቅ ወንድሜ ሳምሶንና ጓደኛው ቢኒያም አንድ ሕንፃ ውስጥ አብረው ያደጉ ልጆች ናቸው። ከሕንፃው ጀርባ መረቡ ተቦጭቆ ያለቀ ቅርጫት ነበር፤ በረዶውን በአካፋ እየጠረጉ እዚያ ይጫወታሉ። የኳሷ ድምፅ እኛ መስኮት ድረስ ስለሚመጣ እናቴ "እነዚህ ልጆች ምድሩን ሊበሱት ነው" ትል ነበር። ሲገቡ የእርጥብ ጓንትና የላብ ሽታ ቤቱን ይሞላዋል። ቢኒያም ሳይጠይቅ ድስት የሚከፍተው እኛ ቤት ነው፤ ሳምሶን ደግሞ እነሱ ሶፋ ላይ ተኝቶ ያድራል። ማን የማን ልጅ እንደሆነ ጎረቤት እንኳ ይምታታበት ነበር። ኮሌጅ ሲገቡ ግን ሁለት ኮሌጅ፣ ሁለት ቡድን ሆኑ፤ በበረዶው ወራትም ሁለቱ ቡድኖች ተገናኙ።

የዚያን ምሽት ሰፈሩ በሙሉ ወጣ። ሁለት ልጆቻችን በአንድ ሜዳ! እናቶች ወፍራም ጃኬታቸውን ለብሰው፣ ልክ ልጅ ሊድሩ እንደሚሄዱ ተሰልፈው ገቡ። የከተማውን ሐበሻ ሠርግ ሁሉ የሚቀርጹት ጋሽ መኮንንም ያቺን ትልቅ ካሜራቸውን ትከሻቸው ላይ ሰቅለው መጡ። ጂሙ ፋንዲሻ ፋንዲሻ ይሸታል፤ ጫማዎቹ ወለሉ ላይ ሲፋጩ ጆሮ ይበሳሉ። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል የሳምሶን ቡድን በአንድ ነጥብ ተበልጦ ነበር። ኳሷ ሳምሶን እጅ ገባች፤ ፊቱ ላይ የቆመው ቢኒያም ነው። ሳምሶን ወረወረ፣ ሰዓት ማለቁን የሚያስታውቀው ባዘር ጮኸ፣ ኳሷ ገባች። እኛ ዘለልን። ዳኛው ግን ሁለት እጁን አወናጨፈ፤ ኳሷ ከእጁ ሳትወጣ ሰዓቱ አልቋል፣ አይቆጠርም። ያኔ ስክሪን የለ፣ ይግባኝ የለ፤ ሰው "ኧረ በሕግ!" እያለ ሲጮኽ እሱ ጃኬቱን አንስቶ በኋላ በር ወጣ።

ከዚያ በኋላ ሕንፃው ለሁለት ተከፈለ። ከቢኒያም እናት፣ ከእትዬ አስቴር ጋር ሊፍት ውስጥ ስንገናኝ ሁላችንም የፎቁን ቁጥር ነበር የምናየው። እሷና እናቴ ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ በአንድ ባቡር፣ በተለያየ ፉርጎ መሳፈር ጀመሩ። ሳምሶን ስለ ሽንፈቱ ብዙም አልተናገረም። "ማሸነፉ ይቅር፤ ከእጄ ስትወጣ ያየው ቢኒ ነው፤ አየሁ ወይ አላየሁም ይበለኝ" ይል ነበር። ቢኒያም ግን ስልክ አያነሳም። ወንድሜ እራት ሳይበላ ስልኩ አጠገብ ይቀመጥ ነበር።

በመጨረሻ ሽማግሌ ገባ። ከሁሉም ቀድመው ቶሮንቶ የመጡት፣ የሁላችንም አባት የሚባሉት ጋሽ ታደሰ "ቪዲዮው አለ አይደል? አይተን እንገላገላለን" አሉና ሁለቱን ቤተሰብ እኛ ቤት ሰበሰቡ። ሊፍቱ ተበላሽቶ ስለነበር ሽማግሌዎቹ በደረጃ ወጥተው፣ ቁና ቁና እየተነፈሱ፣ ገና ሳይጀመር ተማረው ነበር የተቀመጡት። ጋሽ መኮንን ቴፑን ከፈቱ። ሳምሶን ኳሷን ይዟል፤ ቢኒያም እጁን ዘርግቷል፤ ሳምሶን ጉልበቱን ሰበር አደረገ። እዚያች ላይ ካሜራው ዞረ።

ጋሽ መኮንን የሠርግ ሰው ናቸው። እልልታ ሲደምቅ ካሜራውን ወደ ታዳሚው ማዞር የለመደ እጅ ነው፤ ቪዲዮው ሲደርስ ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው ራሱን ነዋ። ስለዚህ ኳሷ አየር ላይ ሳለች የምናየው እናቴን ነበር፤ ሁለት እጇን አናቷ ላይ ጭና፣ አፏን ከፍታ። ባዘሩ ይጮኻል። ካሜራው ሲመለስ ኳሷ ቅርጫቱን አልፋ መሬት ላይ ትነጥራለች።

"መኮንን፣ ምን ነካህ?" አሉ ጋሽ ታደሰ።

"ሴቶቹ እልል ሲሉ ጊዜ..." አሉ ጋሽ መኮንን አንገታቸውን ደፍተው።

ቴፑ ወደኋላ ተመለሰ፤ እንደገና ተመለሰ። አንዱ ሽማግሌ "እልልታው ከባዘሩ ይቀድማል፤ ስለዚህ ኳሷ ቀድማ ወጥታለች" ሲሉ፣ እትዬ አስቴር "እሷ እልል ማለት የጀመረችው ገና ከበር ስንገባ ነው" አለች። እውነቷን ነበር። የእናቴ ፊት እንደዚያ ሲመረመር ዋለ። እናቴም "ፀጉሬን እንኳ ሳልሠራ" እያለች ታጉረመርማለች። ሻዩ ቀዘቀዘ፣ መስኮቱ ላይ መሸ፣ ቴፑም መንጫጫት ጀመረ።

ያኔ ሳምሶን ተነሳ። "ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ቴፑ ምንም አያሳየንም። ያየው ሰው እዚህ ተቀምጧል። ቢኒ፣ ሪሊዝ ሳደርጋት፣ ከእጄ ስትወጣ፣ አይተሃል። ከባዘሩ በፊት ነው በኋላ? ጀስት ንገረኝ። ያልከውን እቀበላለሁ።"

ቢኒያም ቀና አለ። እኔ ምንጣፉ ላይ እግሩ ሥር ነበርኩ፤ ከንፈሩ ሲከፈት አይቻለሁ። ጋሽ ታደሰ ግን እጃቸውን አነሱ። "ተው ልጄ፣ ተው። አንዱ ሲረታ የሌላው ቤት ያዝናል። እኛ ልናስታርቅ እንጂ ልንፈርድ አልመጣንም። ተነሱ፣ ተሳሳሙ። ይህ ነገር ከዛሬ ወዲያ ላይነሳ ቃል ግቡልኝ።" ልጆቹ ቃል ገቡ፣ ተሳሳሙ። እናቶች ተቃቅፈው አለቀሱ፣ ሽማግሌዎቹ መርቀው በደረጃው ወረዱ። የቢኒያም አፍም ተዘጋ።

ባለፈው የበረዶ ወቅት የሳምሶን ልጅ ሊያ ለኮሌጇ ስትጫወት ልናይ ሄድን። የመጨረሻ ኳሷን ዳኞቹ ስክሪን ላይ ብዙ አዩዋት፤ ተመልሰው አይቆጠርም አሉ። እስከ ኢስት ዮርክ መኪና ውስጥ አለቀሰች። ቤት ልንደርስ ስንል ስልኳ ጠራ፣ አንስታም መሳቅ ጀመረች። ስትጨርስ ሳምሶን ማን እንደሆነ ጠየቃት።

"ዲፌንድ ስታደርገኝ የነበረችው የሌላው ቡድን ልጅ ናት።"

"አልተናደድሽባትም?"

"ዋይ፣ ለምን? አየነው እኮ ዳድ። ኳሷ አልደረሰችም። ኢትስ ዳን፣ አለቀ።"

ሊያ ወርዳ ወደ ቤት ከገባች በኋላ ሳምሶን ሞተሩን አጠፋ። ከዚያ "ቢኒ ያኔ ምን ሊለኝ ነበር?" አለኝ። ደውለህ ጠይቀው አልኩት። "ጋሽ ታደሰ ፊት ቃል ገብተናል እኮ" አለ። ጋሽ ታደሰ ካረፉ ስንት ዘመናቸው! አሁን ወደ እሳቸው ዕድሜ እየተጠጋሁ ስለሆነ አልፈርድባቸውም። በባዕድ ከተማ አንድ ሕንፃ ውስጥ የተጠለሉ ሁለት ቤቶች እንዳይፈርሱባቸው ፈርተው ነው፤ ቤቶቹም አልፈረሱም። ሳምሶንና ቢኒያም ዛሬም ዳንፎርዝ መንገድ ላይ ሲገናኙ ተቃቅፈው ይሳሳማሉ፣ የእናቶቻቸውን ጤና ይጠያየቃሉ፣ በለቅሶም በሠርግም አይቀሩም። ከዚያች እሁድ ወዲህ አንድም ቀን ተጣልተው አያውቁም። አንድም ቀን ግን አብረው ኳስ ተጫውተው አያውቁም።