ያልተቀባው ዳር

አባቴ ሸማኔ ነበሩ። ሸዋሮቢት ከሽንኩርት ማሳው ዳር ባለችው ቤታችን ዓይናቸው እስኪደክም ድረስ ሲሸምኑ ኖረዋል። እኔ ልጃቸው ሠዓሊ ነኝ ባይ ነኝ። ነኝ ባይ ያልኩት እንጀራዬ የሱቅ ታፔላ መጻፍ ስለሆነ ነው። እዚያ ከተማ አንገቱ የረዘመ ዶሮ የተሣለበት ምግብ ቤት አይታችሁ ከሳቃችሁ፣ የሳቃችሁት በእኔ ነው።

አጣዬ በተቃጠለች ጊዜ ከዚያ የሸሸው ሰው መጥቶ እኛ ሰፈር ያለው ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ሰፈረ። በዚያ ሙቀት፣ ጥላ በሌለበት ግቢ፣ ሰዉ ጓዙን ታቅፎ ቁጭ ብሎ ይውላል። አያለቅስም፣ አያወራም። እኔም ዱቄት ከሚያድሉት ጋር ገብቼ፣ እጄ አላርፍ ብሎ በደብተር ነደፍኳቸው። አንድ ሰውዬ የግድግዳ ሰዓት ታቅፎ ነበር። ከዚያ ሁሉ ንብረት ለምን ሰዓቱን እንዳወጣ ብጠይቀው እጄ ያገኘው እሱን ነው አለኝ። እሱን ነድፌ እንቅልፍ አጣሁ።

ቆይቶ አዲስ አበባ አብሮኝ የተማረ ጓደኛዬ ደወለ። ከተለያዩ የአፍሪካ አገሮች የመጡ ጀማሪ ሠዓሊዎች በጋራ የሚያሳዩበት ዐውደ ርዕይ ሊከፈት ነው፣ ሥራ ይዘህ ተወዳደር አለኝ። አንድ ትልቅ ሥዕል ይፈልጋሉ። የሥዕል ሸራ ሸዋሮቢት አይገኝም፤ በደብረ ሲና ወደ አዲስ አበባ የሚያወጣው መንገድ ደግሞ ያን ሰሞን ተዘግቷል። አባቴ ማጀቴ ከተማ ለቅሶ ሄደው ነበር። ሳጥናቸውን ከፈትኩ። ከሥሩ፣ በንጹሕ ከረጢት የተጠቀለለ፣ ጥብቅ ተደርጎ የተሸመነ ነጭ ጨርቅ አገኘሁ። ጥለት የለው፣ ምን የለው። ገዢ ያጣ ሸማ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ሲመጡ እነግራቸዋለሁ አልኩ። መጡ፤ አልነገርኳቸውም።

ጨርቁን ጎን ለጎን ሰፍቼ ወጠርኩት። የግቢውን ሰዎች፣ ባለሰዓቱን ጭምር፣ ሣልኩበት። ከታች አንድ ክንድ ያህል ከቀለም በፊት የሚቀባውን ኮላም፣ ቀለምም ሳላስነካ ተውኩት። ሰዎቹ መሬት አልነበራቸውማ፣ ምን ላይ ላስቀምጣቸው? ሥዕሉ ተመረጠልኝ።

ዐውደ ርዕዩ ቅዳሜ አዲስ አበባ ተከፈተ። ከጋና የመጣች ልጅ የዓሣ መረብ ከጣሪያ እስከ ወለል አውርዳለች፤ አንዱ ኬንያዊ ከአሮጌ ጎማ የሰው ፊት ቀርጾ ደርድሯል። የእኔ ሥዕል ከበሩ ፊት ለፊት ያለውን ግድግዳ ብቻውን ይዟል። የዐውደ ርዕዩ ኃላፊ ሴትዮ እንግዳውን ሁሉ እያመጣች፣ የዚህ ሥራ ጉልበት ያልተቀባው ቦታ ላይ ነው ትላቸዋለች። ጨርቁን ማን ሠራው ሲሉኝ አባቴ ናቸው እላለሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ሰው መስዬ አላውቅም። ደረቴን ነፍቼ ነው የዋልኩት።

በማግስቱ እህቴ ደወለች። እትዬ ነው የምላት፤ እናታችን ከሞተች ጀምሮ ያሳደገችኝ እሷ ናት። አባባ በጣም ታመዋል፣ ሳጥኑን ክፈቺ ብለውኝ ብከፍተው ባዶ ነው አለች። ነጭ ጨርቅ ነበረበት፣ አይተሃል ወይ? የምን ጨርቅ አልኳት፣ እያወቅኩ። ከዚያ ነገረችኝ።

እናቴ ሳትሞት ለሁለት ሰው ከፈን የሚበቃ ጥጥ ፈትላ ነበር። አባቴ ሸመኑት። በአንዱ እሷ ተቀበረችበት፤ ሌላው የእሳቸው ነው። እኛ ዘንድ ትልቅ ሰው ከፈኑን አዘጋጅቶ ያስቀምጣል። ቤተሰብ ያውቃል፣ አፍ አውጥቶ የሚያወራው ግን የለም፣ ለወንድ ልጅማ ጭራሽ። እሷ ስትሞት እኔ ሕፃን ነበርኩ። ቢሆንስ? የሸማኔ ልጅ ሆኜ፣ ጥለት የሌለው ሸማ ለምን እንደሚሸመን እንዴት አልጠይቅም? አፈር ልብላ!

ሰኞ ቤት ገባሁ። አባቴ መደቡ ላይ ተኝተዋል፤ ከሰውነታቸው ተርፎ የሚታየው አጥንት ነው። እግራቸው ሥር ተደፍቼ ሁሉንም ተናዘዝኩ። አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ሥዕሉን አሳየኝ አሉ። በስልኬ አሳየኋቸው፣ ዓይናቸው ግን አልለይ ስላለ እትዬ ምን ምን እንዳለበት ነገረቻቸው። ባለሰዓቱ ጋ ስትደርስ ምስኪን አሉ።

«ቀለም ያልነካው ቦታ አለ?»

«ከታች አንድ ክንድ ያህል አለ፣ አባባ።»

«እሱን ቁረጥና አምጣልኝ። ሌላው ከገበያ ይሁን፣ እሱ ፊቴን ይሸፍንልኝ። የእናትህ እጅ ያለበት ነው።»

ወላሂ አመጣለሁ አልኳቸው። እጄን ይዘው ቆዩ፤ እጃቸው ትኩሳት ነበረው።

ማክሰኞ መቀስ ይዤ አዳራሹ ገባሁ። ኃላፊዋን አማከርኳት። አዘነችልኝ፣ እውነቷን ነው ያዘነችው። ነገር ግን እሁድ መዝጊያው ላይ ውጭ አገር ለሚደረግ ትልቅ ዐውደ ርዕይ ሥራ የሚመርጡ ሰዎች ይመጣሉ አለች። ያ ቦታ ከተቆረጠ ሥዕሉ አለቀለት፤ ያንተ ነው፣ እንደፈቀድክ አለችኝ። አምስት ቀን ነው የቀረው። አባባ አምስት ቀን አያጡም አልኩ። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይላሉ፤ እኔ የአባቴን ዕድሜ ለራሴ በሚመቸኝ ልክ ቆረስኩት። እትዬ ስትደውል ቆርጬዋለሁ፣ ነገ እመጣለሁ አልኳት። በነጋታው ስትደውልም እንደዚያው አልኳት። እንግዳ ሲመጣ ሥዕሉ ፊት ቆሜ ፈገግ እላለሁ።

ዓርብ ሲነጋጋ ሞቱ፤ እትዬ ደውላ አረዳችኝ። አዳራሹ እስኪከፈት ብጠብቅ ቀብሩ ያመልጠኛል ብዬ መናኸሪያ ሮጥኩ። ውሸቴን ነው። ዘበኛው እዚያው ነው የሚያድረው፤ ባንኳኳ ይከፍትልኝ ነበር። አባቴ ሞተውም እሁድን እያሰብኩ ነበር።

ስደርስ የጁምዓ ሶላት ተሰግዶ አልቋል። ወንዶቹ ደጅ ተደርድረው ተቀምጠዋል። ጀናዛው ታጥቧል፣ ግን አልተከፈነም። አንዱ ጎረቤታችን በጆሮዬ ነገረኝ፦ አባቴ ትናንት ለሚያጥቧቸው ሽማግሌ፣ ልጄ ጨርቅ ይዞ እየመጣ ነው፣ እሱ ሳይደርስ እንዳትከፍኑኝ ብለው አደራ ብለዋል። አገሩ ቆላ ነው፤ በዚያ ሙቀት ሬሳ አይቆይም። ሰዉ ግን የሟች ቃል ነው ብሎ እስከ ከሰዓቱ የአሱር ሶላት እንጠብቀው ተባብሏል።

ሽማግሌው ከውስጥ ወጡ፤ እጃቸው ገና እርጥብ ነው። ቦርሳዬን አዩ።

«አመጣኸው፣ ልጄ?»

መንገድ ላይ ጠፋብኝ ልላቸው አፌን ከፈትኩ። እትዬ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች።

«አልቆረጥኩትም» አልኩ።

ማንም ክፉ ቃል አልተናገረኝም። እትዬ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጎትታ ወደ ውስጥ ተመለሰች። ሽማግሌው፣ እንግዲያው ግባና አግዘኝ አሉኝ። አንድ ጎረቤት ከሱቅ ገዝቶ ያመጣው አቡጀዲ ነበር፤ አዲስ ስለሆነ ድርቅ ብሎ እጥፋቱ አልዘረጋ ይላል። ሽማግሌው ከእግር በኩል ጀመሩ። ራስጌውን የሚሸፍነው ልጅ ነው አሉና ለእኔ ተዉልኝ። ፊታቸውን የሸፈንኩት እኔ ነኝ።